ደብረ ማርቆስ ላይ የሥላሴ ሥዕል ማሠራት ለምትፈልጉ፦ እኔ ያሠራሁበት ቤት

በአጭሩ ለምትፈልጉ፦ ሥዕሉ አሪፍ ነው፣ ፍሬሙ ቀሽም ነው፣ ቀጠሮ አይከበርም፣ ሠዓሊው ብዙ ያወራሉ፣ እንዲያም ሆኖ ነገ ሌላ ሥዕል ባሠራ እዛው ቤት ነው የምሄደው። ጊዜ ያለው እስከ ታች ያንብበው ምክንያቴን ልናገር።

ቤቱ ደብረ ማርቆስ ነው ያለው። ስሙን እንዳልጽፍላችሁ ታፔላ የለውም፣ የሳቸውን ስም እንዳልጽፍ ደግሞ "በፌስቡክ እንዳታወጭኝ ልጄ፣ ያለኝ ትዛዝ ይበቃኛል" ብለውኛል፣ ስለዚ መናኸሪያ ስትወርዱ ለባጃጅ ልጆቹ ሥዕል የሚሥሉት መሪጌታ ጋ በሏቸው፣ ያውቋቸዋል። አንዲት ክፍል ናት፣ በሩ ካልተከፈተ ብርሃን የላትም፣ ከገባችሁ የኮላና የቀለም ሽታ ይቀበላችኋል፣ የሚቀመጥበት አንድ ዱካ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ አንዳችሁ ትቆማላችሁ።

ነገሩ እንዴት መጣ፣ እናቴ የሥላሴ ማኅበር አላት፣ ወር በገባ በ7። ከጽዋው ጋር ከቤት ቤት የሚዞረው ሥዕል ዕጣን ጠጥቶ ጠጥቶ ፊቱ እንኳ አይለይም ነበር፣ ለሐምሌ 7 ደግሞ ተራው የሷ ስለነበር አዲስ አመጣልሻለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ የሄድኩት ባነር ማተሚያ ቤት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ልጁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ አንዱን አወረደና በትልቁ አተመልኝ፣ ያብረቀርቃል፣ ጥራቱ ቁጭ። ሥዕሉ ላይ አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ አሉ፣ አጠገባቸው መስቀል የያዘ ጎልማሳ አለ፣ ከላይ እርግብ አለች። የፈረንጆቹ አሣሣል ነው፣ አገራችንም ብዙ ቤት ተሰቅሎ አይቼዋለሁ እኔ ምንም አልመሰለኝም። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቆይታ ቆይታ አየችውና "ወልድ ከመቼ ወዲህ ነው ካባቱ ያነሰው?" አለች፣ በቃ፣ ጠቅልላ መለሰችልኝ።

ይቺን ነገር ለመሪጌታ ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው ሳቁና "እናትሽ ኒቅያ ተቀምጣ ነበር እንዴ?" አሉኝ። ያኔ ነው ሥዕል ላዝዝ ሄጄ ትምህርት የጀመርኩት። ማስጠንቀቂያ ይሁናችሁ፣ መሪጌታ መጠኑን ሳይጠይቁ በፊት ሥላሴ ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ቅኔ ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ ሰው ናቸው፣ የግዕዝ ግስ ሲያገኙ ብሩሹን ያስቀምጡታል። ለቸኮለ ሰው ይሄ ችግር ነው። እኔ ግን እንደ አገልግሎቱ አካል ነው የቆጠርኩት፣ እውነቴን ነው፣ ሳይከፈልበት የተሰጠኝ ከተከፈለበት ይበልጣል።

ያሉትን እንደገባኝ ልጻፈው። ሥላሴ የግዕዝ ቃል ነው፣ ሠለሰ ከሚለው ግስ የወጣ፣ ሠለሰ ማለት ሦስት አደረገ ነው። አወጣጡ ልክ እንደ ቅዳሴና ውዳሴ ነው፣ ቀደሰ ብሎ ቅዳሴ፣ ወደሰ ብሎ ውዳሴ፣ ሠለሰ ብሎ ሥላሴ። ስለዚ በቁሙ ሦስትነት ማለት ነው። ዘመዶቹን ሲቆጥሩልኝ ደግሞ ሁሉም በየቀኑ አፋችን ላይ ያሉ ሆኑብኝ፣ ሠላሳ ቁጥሩ፣ ሠለስቱ ደቂቅ እነ አናንያ አዛርያ ሚሳኤል፣ ማክሰኞ በግዕዝ ሠሉስ፣ ኒቅያ የተሰበሰቡት 318 ሊቃውንት ሠለስቱ ምዕት። ዕብራይስጡ ሻሎሽ ይላል፣ ዐረቡ ተላታ ይላል፣ ሁሉም ያው የሴም ቋንቋ ዘመድ ነው። ጎጃም ላይ ደግሞ የቅኔ ተማሪ ሥላሴ ካላችሁት መጀመሪያ የሚመጣበት ምናልባት ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ዋዜማ ከሚባለው ቅኔ ቀጥሎ የሚዘረፈው ባለ 6 ቤቱ ቅኔ ስሙ ሥላሴ ነው። ሦስት ባለመሆኑ ቅር አለኝ ብላቸው "ሦስት ሁለት ጊዜ ስንት ነው?" ብለው አፌን አስያዙኝ፣ ቀልድ ይሁን ትርጓሜ እስካሁን አላወቅኩም።

ጽሕፈቱ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። የመጀመሪያዋ ንጉሡ ሥ ናት፣ የመጨረሻዋ እሳቱ ሴ። "ስላሴ" ብሎ የተጻፈ ነገር ካዩ ቀለም የፈሰሰባቸው ያህል ፊታቸው ይቋጠራል። ባነሩ ላይ በሁለቱም በኩል እሳቱ ነበር የተጻፈው፣ እኔ ስልኬ ላይ ስጽፍ ምን ግዴ ስለነበረኝ አላስተዋልኩትም።

እዚህ ጋ ትንሽ ከሱቁ ልውጣ። መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ የፕሮቴስታንት ልጅ አለች፣ ጓደኛዬ ናት፣ ሥዕል እያሠራሁ እንደሆነ ስነግራት "ቃሉ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም ታውቂያለሽ?" አለችኝ፣ እሷም በሥላሴ ታምናለች እኮ፣ እንዲሁ ልትነካካኝ ነው። ሄጄ መሪጌታን ጠየቅኩ፣ አዎ የለም፣ ቃሉ የለም ነገሩ ግን አለ አሉ፣ ማቴዎስ 28 ቁጥር 19 ላይ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ "ስም" ነው የሚለው እንጂ በስሞች አይልም፣ እኛም ስናማትብ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ እንልና አሐዱ አምላክ ብለን ነው የምንዘጋው፣ ሦስት ጠርተን አንድ ብለን። ያቺ መልስ በቂ ነበረች ግን እኔ አንዴ ከተነሳሁ አልተኛም ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ቃሉን በጽሑፍ መጀመሪያ ተጠቅሞ የተገኘው የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ ነው፣ በ180 ዓ.ም ገደማ፣ በግሪክ ትሪያስ ብሎ። አሁን የሚገርመውን ስሙኝ፣ ቴዎፍሎስ ይሄን ቃል ያመጣው ስለ ሥነ ፍጥረት ሲጽፍ ነው፣ ፀሐይና ጨረቃ ከመፈጠራቸው በፊት ያሉት ሦስቱ ቀናት የትሪያስ ምሳሌ ናቸው፣ የእግዚአብሔር፣ የቃሉና የጥበቡ ይላል። ብርሃናቱ የተፈጠሩት ረቡዕ ነው አይደል፣ ከሱ በፊት ያሉት እሑድ፣ ሰኑይ፣ ሠሉስ ናቸው። ሠሉስ! ሰውየው በግሪክ ነው የጻፈው ግዕዝ አያውቅም፣ ግን በኛ ቋንቋ ሲነበብ ሦስተኛው ቀን ራሱ ከሥላሴ ጋር አንድ ሥር ላይ ነው ያለው። ለመሪጌታ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "ድገሚልኝ" አሉ፣ እኔ እሳቸውን ያስተማርኩባት ብቸኛ ቀን ናት ይመዝገብልኝ።

ከዛ ትንሽ ቆይቶ የካርታጎው ጠርጡሊያኖስ በላቲን ትሪኒታስ አለው፣ እንግሊዝኛው ትሪኒቲ የመጣው ከዛ ነው። የኛዎቹ ተርጓሚዎች ደግሞ ወንጌልንና ጳጳስን ከግሪክ እንዳለ ሲያስገቡ ይቺን ግን ከራሳቸው ግስ አውጥተው ነው የሠሯት፣ ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ለዚህ ነው አያቴ ፊደል ሳትቆጥር ቃሉ የሚገባት።

የእማዬና የኒቅያ ነገር ምን ማለት እንደሆነም ያኔ ገባኝ። አርዮስ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበር አለ፣ ማለትም አብ ቀደመው፣ ወልድ ፍጡር ነው ማለት ነው፣ በ325 ኒቅያ ላይ ተሰብስበው አወገዙት፣ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው። በ381 ደግሞ ቁስጥንጥንያ ላይ 150 ሊቃውንት ተሰብስበው መንፈስ ቅዱስን ዝቅ ያደረገውን መቅዶንዮስን አወገዙ። ለአርዮስ አልበገርም ያለው አትናቴዎስ ነው አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን። እንግዲህ አንዱን ሽማግሌ አንዱን ጎልማሳ አድርጋችሁ ስትሥሉ፣ ሠዓሊው ክፉ አስቦ ባይሆንም፣ ያየ ሰው ሁሉ አብ በዕድሜ ይበልጣል ብሎ ነው የሚሄደው።

ወደ ሥዕሉ። የመሪጌታ ሥላሴ ሦስት ነጭ ጸጉር ነጭ ጺም ያላቸው፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ፣ አንድ ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ ዘጌ ገዳማት ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሲሠሩ አይቻለሁ። መጀመሪያ አቡጀዲውን ወጥረው ኮላ ይቀቡታል፣ እስኪደርቅ ነክቶ መበላሸት የለም። አንድ ፊት ብቻ በወፍራም ወረቀት ላይ ሥለው መስመሩን በሙሉ በመርፌ በስተውታል፣ ወረቀቱን አቡጀዲው ላይ ያሳርፉና የከሰል ዱቄት በቋጠረ ጨርቅ ጠብ ጠብ ያደርጉበታል፣ ሲያነሱት በነጠብጣብ የተሠራ ፊት ቁጭ ብሏል። ያንኑ ወረቀት ወደ መሀል ያሻግራሉ፣ እንደገና ጠብ ጠብ፣ ከዛ ወደ ቀኝ። ቅንድቡ፣ አፍንጫው፣ የጺሙ መከፈያ፣ ሦስቱም ጋ ያው። በኋላ ቀለም ሲገባ እንኳ ለአንዱ ከንፈር ብሩሹን ከነከሩ ሳያጥቡት የሦስቱንም ይጨርሳሉ፣ አዲስ ቀለም ከተበጠበጠ አይመሳሰልም ይላሉ። እዛ ቤት ያየሁት ሥራ ሁሉ ይሄ ጥንቃቄ አለው።

ወልድም ነጭ ጸጉር ነው ወይ ብዬ መጠየቄ አልቀረም። ዳንኤል 7 ላይ ብሉየ መዋዕል፣ በዘመናት የሸመገለው የሚባለው አምላክ፣ ጸጉሩ እንደ ነጭ ሱፍ ነው ይላል፣ ራእይ 1 ቁጥር 14 ላይ ደግሞ ዮሐንስ ያየው ክርስቶስ ራሱና ጸጉሩ ነጭ ነው። በዛ ላይ ሐምሌ 7 የምናከብረው በአብርሃም ቤት የገቡትን ሦስት እንግዶች ነው፣ ዘፍጥረት 18፣ እዛም ላይ አንዱ ወጣት ሌላው ሽማግሌ አይልም፣ አብርሃም ሦስት ሰው እያየ "በፊትህ" ብሎ በነጠላ ይጀምርና ወዲያው "እግራችሁን ታጠቡ" ይላል።

እማዬ ከላይ በየራሳቸው አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ተብሎ ይጻፍበት ብላ ነበር። መሪጌታ ይጻፍ ካላችሁ እጽፋለሁ፣ እኔ ግን አልወደውም አሉ፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ ከታች ይበቃል። ሦስትነታቸው በስም፣ በአካል፣ በግብር ነው፣ አንድነታቸው በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በፈቃድ። ግብሩ ደግሞ አብ ወላዲ አሥራፂ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራፂ፣ ማለትም ከአብ የሚወጣ፣ መባሉ ነው፣ መውለድና መወለድ በቀለም አይሣልም፣ ለዚህ ነው ልዩ ሦስትነት የሚባለው፣ እንደ ሦስት ሰው ሦስት አይደለም አሉኝ። የፀሐይን ምሳሌ ጠየቅኳቸው፣ ክበቡ ብርሃኑ ሙቀቱ የሚለውን ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነውን፣ ጥሩ ነው ለልጅ ይበቃል አሉና አለፉት። በመጨረሻ ከታች "ቅድስት ሥላሴ" ብለው ጻፉልን።

ቅድስት የምትለዋ ራሷ ሌላ ግማሽ ሰዓት በልታለች። ቅዱስ ሳይሆን ቅድስት፣ በሴት አንቀጽ፣ መምህራኑ እናት ልጅ እንደምታስገኝና ለልጇ እንደምትራራ ሥላሴም ዓለምን አስገኝተው ይራሩለታል ብለው ይፈቱታል። እኔ ደግሞ አማርኛውን ሳስበው ሳቄ መጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን በነጠላ፣ ሥላሴ ይመስገኑ እንላለን እንደ ብዙ፣ ቅድስት እንላለን በሴት፣ አሐዱ አምላክ እንላለን በወንድ፣ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ተደናግሮ አያውቅም።

አሁን እርግማኑ። አርባዕቱ እንስሳ ለብቻ ያስከፍላል፣ ይሄን ቀድሞ የነገረኝ የለም። ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕም፣ ገጸ ንስር በአራቱ ማዕዘን ካልገቡ ሥዕሉ ጎዶሎ ይመስላል ስለዚ ከፈልኩ፣ ንስሩ ግሩም ነው፣ ላሙም ምንም አይል፣ አንበሳው ግን ጠቦት ነው የሚመስለው፣ እማዬ ራሷ አንድ ቀን "ይሄኛው በግ የማን ነው?" ብላኛለች። መሪጌታ አንበሳ አይተው አያውቁም መሰለኝ።

ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ለሰኔ አጋማሽ ተብሎ ሐምሌ ሊገባ ሲል ነው የደረሰልኝ፣ ስልካቸው ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ ተከፍቶ ሲገኝ ደግሞ "እየደረቀ ነው" ነው መልሱ፣ ሁልጊዜ እየደረቀ ነው። ደረሰኝ የለም። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ብር ቆጥሮ መሄድ የለም። ዋጋው ከታተመው ባነር አራት እጥፍ ገደማ ነው የወጣብኝ፣ ውድ ነው የሚል ካለ አልከራከርም፣ ግን ባነሩ ፀሐይ ያለበት ግድግዳ ላይ ቀለሙ ሲነጣ ጎረቤት ቤት አይቻለሁ፣ አቡጀዲው ላይ የገባ ቀለም ደግሞ የዘጌውን አይታችሁ ፍረዱ።

ፍሬሙን እዛ እንዳታሠሩ። ጎን ያለ አናጺ ነው የሚሠራው፣ ማዕዘኑ ላይ ክፍተት አለው፣ ሥዕሉ ከቤት ቤት ስለሚዞር ሁለት ሦስት ቤት ሳይዞር መላቀቅ ጀምሯል። መስታወትም የለውም። እናንተ ሥዕሉን ብቻ ጠቅልላችሁ ውሰዱና ሌላ ቦታ መስታወት ያለው አስገጥሙበት፣ ዕጣን ለሚታጠንበት ቤት ግዴታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልኬቱን ራሳችሁ በሜትር ለክታችሁ ጽፋችሁ ስጡ፣ እሳቸው በክንድ ነው የሚለኩት፣ የኛ ከታሰበው ሰፋ ብሎ በበር ሲገባ አግድም ነው የገባው። ለጥር 7 እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ እዘዙ፣ የሥላሴ ትዛዝ የሚበዛባቸው ያኔና ለሐምሌ ነው፣ ቀብዱን ከግማሽ በላይ አትስጡ፣ አርባዕቱ እንስሳም ዋጋው ውስጥ ይግባ ብላችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ።